የአሮጌ እንጨት ዕቃ ሲበላሽ፦ ችግሩና መፍትሄው

ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር፣ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ፣ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ)። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ እነዚህ ለማገዶ ሲፈለጡ ማየት ያንገበግባል። ጥሩ ጠረጴዛና መደርደሪያ ይወጣቸዋል። የሠራችሁት ከተበላሸ እንጨቱን ከመጣላችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

የጠረጴዛው ገጽ በበጋ ተሰነጠቀ፣ በክረምት ጎበጠ

ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። እንጨት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይለቃል። ሲስብ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ርዝመቱ ግን ያን ያህል አይለወጥም። የጎጃም የሐምሌ አየርና የየካቲት አየር ደግሞ የትና የት ናቸው! ገጹን ከሥሩ ካለው ተሻጋሪ እንጨት ጋር በኮላና በሚስማር ጥርቅም ካደረጋችሁት መንቀሳቀሻ ያጣና ይሰነጠቃል።

ተጨማሪ ሚስማር አትምቱበት፣ ይብሳል። ገጹን ፍቱት። ተሻጋሪው ላይ ካሉት የሚስማር ቀዳዳዎች የመሃሉ እንዳለ ይቆይ። ዳርና ዳር ያሉትን በተሻጋሪው ርዝመት አቅጣጫ ሞላላ አድርጓቸው። ከዚያ ያለ ኮላ፣ በቪቴና በሮንዴላ እሰሩ። ስንጥቁን በዚያው እንጨት ስስ ቁራጭ ሙሉት። ቫርኒሽ ስትቀቡ የገጹን ሥርም አትርሱ፤ አንድ ጎን ብቻ ከተቀባ መጉበጡ አይቀርም።

ለሚቀጥለው ሥራ፣ ውጭ የከረመውን ጣውላ ቤት አስገቡ። በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረጋችሁ ደርድሩና ጥቂት ሳምንታት አቆዩት።

ከሥሩ ዱቄት ይረግፋል

ነቀዝ ነው። ዱቄቱን ጠርጋችሁ ወረቀት አንጥፉ። ከቀናት በኋላ እንደገና ከረገፈ አሁንም እየበላ ነው። ዋንዛም ሆነ ባሕር ዛፍ፣ ነቀዝ የሚወደው ከቅርፊቱ በኩል ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ነው። እሱን ቆርጣችሁ አስወግዱ። የቀረውን በሁሉም ጎን ቫርኒሽ ቀቡ።

ፓሌት ከሆነ ማህተሙን አንብቡ። «ኤችቲ» (HT) የሚሉት ፊደላት እንጨቱ እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየቱን ያመለክታሉ። ውስጡ የነበረው ሞቷል፤ አዲስ እንዳይገባ ግን አይከላከልም። «ኤምቢ» (MB) የሚል ካለበት በሜቲል ብሮማይድ መርዝ የታጠነ ነው፤ ለቤት ዕቃ አትጠቀሙበት።

ዱቄት ሳይሆን የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። መስመሩን አፍርሱ፣ የተበላውን ቁረጡ። እግሩን ከአፈር አንስታችሁ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ አቁሙት።

ቫርኒሹ ይላጣል፣ ኮላውም አይዝም

ጣውላው ኮንክሪት የተሞላበት ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶው እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባል፤ ያ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል። ብርጭቆ ወረቀት ብቻውን አያወጣውም። መጀመሪያ ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ አለዚያ መላጊያችሁን ያደንዘዋል። ከዚያ ንጹሕ እንጨት እስኪወጣ ላጉ። ዘይቱ ጠልቆ ከገባ በኮላ ለሚያያዝ ሥራ አትድከሙበት፤ በብሎን ለሚታሰር የግቢ አግዳሚ ይሁን።

እግሩ ይወላገዳል

አዲሱ ሚስማር በአሮጌው ቀዳዳ ገብቷል። ቀዳዳውን ኮላ በተቀባ የእንጨት ችንካር ድፈኑ። ሲደርቅ አጠገቡ ብሱና በቪቴ እሰሩ።

የአሮጌው በር ቀለም ይፈረፈራል

ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። በደረቁ አትፈግፍጉት፣ አታቃጥሉትም። አርጥባችሁ ከቤት ውጭ ፋቁት። የተፋቀውን በፌስታል ቋጥራችሁ ልጆችና ከብት ከማይደርሱበት አርቁ።