ፍሪጁ አላቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት

ደንበኛ ሲደውል ብዙ ጊዜ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ነው። «ጋዙ አልቋል፣ ሙሉልኝ» ይላል። ባለሙያውም ሲሊንደሩን ተሸክሞ ይሄዳል። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ዓመታት ያገለግላል። ከቀነሰ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጆሯችሁንና እጃችሁን፣ ቀጥሎ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ተጠቀሙ። ጌጁ (የጋዝ ግፊት መለኪያው) መጨረሻ ላይ ይምጣ። የቤት ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ተበይዶ የታሸገ ነው። ለመለካት ብላችሁ ቧንቧውን ስትበሱ አዲስ የመፍሰሻ ቦታ ትከፍቱበታላችሁ።

ኮምፕሬሰሩ «እምም» ብሎ ጠቅ ይልና ይጠፋል

የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው) ሞተር ለመነሳት ይታገላል፣ ያቅተዋል፣ ኦቨርሎዱ (ሲግል መስመር የሚቆርጠው መከላከያ) ይቆርጠዋል። ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይሞክራል። መብራት ሄዶ ወዲያው ከመጣ ግፊቱ ገና ስላልተመጣጠነ ይሆናልና ነቅላችሁ ትንሽ ጠብቁ። ካልተነሳ በሚነሳበት ቅጽበት ቮልቴጁን ለኩ። ያኔ በጣም የሚወርድ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ወይም ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ነው።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሪሌዩን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ማብሪያ) አውጡና በጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ እንደ ተሰባበረ ነገር ከተንኮሻኮሸ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ ቀይሩት። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን ሦስት ፒኖች በኦም ለኩ። ለምሳሌ 12፣ 20 እና 32 ካገኛችሁ ጤነኛ ነው፤ ትልቁ የሁለቱ ድምር ነውና። ትልቁ ልኬት የሚገኘው በስታርት (ማስነሻው) እና በራን (ማስኬጃው) ፒኖች መካከል ነው። የቀረው ሦስተኛው ፒን ኮመን (የጋራው) ነው። ከኮመን ወደ ራን ያለው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው። ከማንኛውም ፒን ወደ ኮምፕሬሰሩ አካል ንባብ ከመጣ ሞተሩ ቦዲ ነክቷል፣ ኮምፕሬሰሩ ይቀየራል። ይህ ስሌት ግን ለኢንቨርተር (ፍጥነቱን ለሚለዋውጥ ኮምፕሬሰር) አይሠራም፤ የእሱ ሦስቱም ልኬቶች እኩል ናቸው።

ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፣ ቅዝቃዜው ግን የለም ወይም ግማሽ ነው

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ። የኢቫፖሬተሩን (ቅዝቃዜ የሚሰጠውን ቧንቧ) መሸፈኛ ክፈቱና በረዶውን እዩ።

ላዩ (ፍሪዘሩ) ቀዝቃዛ፣ ታቹ ሞቃት ከሆነ፣ ኢቫፖሬተሩም በወፍራም በረዶ ከተሸፈነ፣ ጋዙ ምንም አልሆነም። በረዶ ማቅለጫው ነው ያቆመው፤ አየር ማለፊያ አጥቷል። በረዶውን በቢላ አትፈልፍሉ፣ ቧንቧ ትበሳላችሁ። ሶኬቱን ነቅላችሁ በራሱ ይቅለጥ። ከዚያ ሂተሩን፣ ባይሜታሉን (በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋውን ማብሪያ)፣ ታይመሩን ወይም ሴንሰሩን ለኩ። ፋኑም መዞሩን አረጋግጡ። አቅልጣችሁ ብቻ ከሄዳችሁ በቀናት ውስጥ ትጠራላችሁ።

በረዶው መግቢያው ላይ ብቻ ከሆነና የቀረው ባዶ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ ጋዝ አንሷል፣ ወይ መንገዱ ተዘግቷል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እንዲህ ያለ ፍሪጅ ላይ ሁለት ጊዜ ጋዝ ጨምሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አልቀዘቀዘም። በሦስተኛው ፊልተሩን (የጋዙን ማጣሪያ) በጣቴ ዳሰስኩት። መግቢያው ለብ ያለ፣ መውጫው ቀዝቃዛ፣ ከስሩ ጤዛ ያዘለ። ጋዝ አልጎደለውም ነበር፤ ማለፊያ ነው ያጣው። ጤነኛ ፊልተር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ለብታ አለው። ከዚያ ወዲህ ፊልተር ሳልዳስስ ሲሊንደር አልከፍትም።

ፊልተሩ ደህና ከሆነና ኮንደንሰሩ (ሙቀት የሚያስወጣው ቧንቧ) እምብዛም ካልሞቀ፣ ያኔ ፍሳሽ ፈልጉ። ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቅባት የያዘ አቧራ ያለበትን ብየዳ እዩ፣ ሳሙና አረፋ ቀቡ። በግፊት ስትፈትሹ ደረቅ ናይትሮጅን ብቻ። ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

ጥቂት ሰዓት አቀዝቅዞ ይቆምና እንደገና የሚጀምር ከሆነ እርጥበት ገብቷል። ውሃው ካፒላሪው (ቀጭኑ ቧንቧ) መውጫ ላይ በረዶ ይሆናል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይለቃል። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እዚያ ቦታ ላይ ያዙ። «ሽሽሽ» ብሎ ከተለቀቀ ምርመራው አለቀ።

ሲስተሙን ከከፈታችሁ

ፊልተሩን ሁልጊዜ ቀይሩ። አየሩን በፓምፕ ሳቡና ቫኪዩሙን እስከ 500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ) አውርዱ፣ ቫልቩን ዝጉና ጠብቁ። ንባቡ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል። ሳያቆም ከወጣ ቀዳዳ አለ። ጋዙን በጌጅ ግምት ሳይሆን በሚዛን፣ በኮምፕሬሰሩ አጠገብ ባለው ታርጋ ላይ በተጻፈው ግራም ሙሉ።

ታርጋው አር600ኤ ካለ እሳት ከማንሳታችሁ በፊት ቁሙ። ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል። መስኮት ክፈቱ፣ ጋዙን ወደ ውጭ አስወጡ፣ ሲስተሙን በናይትሮጅን አጥቡ፣ ከዚያ በይዱ። በሌላው የፍሪጅ ጋዝ በአር134ኤ ልተካው አትበሉ፤ ኮምፕሬሰሩ ለዚያ አልተሠራም።

ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ጎኑ ይግላል

ይሄኛው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የኮንደንሰሩን አቧራ ጥረጉ፣ ፍሪጁን ከግድግዳ አርቁት። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል።

ሥራው ሲያልቅ ቴርሞሜትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከታች መደርደሪያ ላይ ተዉ። በማግስቱ ደንበኛው በስልክ ያንብብላችሁ፤ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል።