የሩጫ ፈረስና ቅሪተ አካል በአንድ ቀን፦ የሁለት ሰው ሽርሽር እንዴት ይዘጋጃል?

እኔና ባለቤቴ ይህን ጉዞ መጀመሪያ ስንሞክረው ግማሽ ቀናችን ባከነ። ጠዋት የሩጫ ፈረስ በሚሰለጥንባት የእንግሊዝ ከተማ፣ ኒውማርኬት ላይ፣ ፈረሶቹን እስክንጠግብ አየን። ከሰዓት በኋላ ቅሪተ አካል የሚለቀምበት የባሕር ዳርቻ፣ ዌስት ራንተን፣ ስንደርስ ግን ባሕሩ ሞልቶ ገደሉ ሥር ገብቷል። አንዲት ጠጠር እንኳ ሳናነሳ ተመለስን። ሁለተኛው ጊዜ የተሳካልን ከባሕሩ ስለጀመርን ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። (ሰዓቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።)

1. ቀኑን ባሕሩ ይምረጥላችሁ

የእንግሊዝ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ ዛሬ የሠራላችሁ ሰዓት በሳምንቱ አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ ለዌስት ራንተን ቅርብ የሆነችውን የክሮመር ከተማ የባሕር ሰንጠረዥ፣ ማለትም ውሃው የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት፣ ፈልጉ። ውሃው በጣም የሚሸሸው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት መካከል የሆነበትን ቀን ያዙ።

2. ጋጣውን አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ

የኒውማርኬት ጋጣዎች የግል ናቸው፤ ዝም ብሎ መግባት የለም። ወይ አስጎብኚ ትይዛላችሁ፣ ወይ ደግሞ አሰልጣኞቹ በራቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱበትን የሴፕቴምበር ቅዳሜና እሁድ ትጠብቃላችሁ። ቦታ ካጣችሁ ከተማው መሃል፣ የንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ ውስጥ፣ የፈረስ እሽቅድድም ሙዚየም አለ። እዚያም ጡረታ የወጡ የሩጫ ፈረሶችን በቅርብ ማየት ይቻላል።

3. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከለንደን ውጡ

ኒውማርኬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈረሶቹ የሚሠሩት በማለዳ ስለሆነ ካረፈዳችሁ አታገኟቸውም። በቀጥታ ፈረሶቹ ወደሚለማመዱበት ዳገታማ ሜዳ፣ ወደ ዋረን ሂል፣ ሂዱ። ጠዋት ሜዳው የእነሱ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ሆናችሁ ተመልከቱ።

ከተማዋ 3 ሺህ ገደማ የሩጫ ፈረሶች አሏት። በሰልፍ ሆነው መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ ይመጣሉ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጋላቢው ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ ፈረሱም ይለቀቃል። ከዓይናችሁ በፊት ጆሯችሁ ይሰማዋል፤ መጀመሪያ ኮቴው፣ ቀጥሎ እንደ ወናፍ የሚወጣው ትንፋሽ። ባለቤቴ አንድ ግንባሩ ቦራ የሆነ ዳማ ፈረስ አልፏት ሲሄድ እጄን ጨብጣ ነበር የያዘችው። 500 ኪሎ የሚሆን እንስሳ በዚያ ፍጥነት በአጠገባችሁ ሲያልፍ መሬቱ ይነግራችኋል።

መኪና ስትነዱ ፈረስ ካያችሁ ቀስ በሉ፣ ጥሩምባ አትንፉ። ጋጣ ውስጥ ደግሞ ከኋላ በኩል አትጠጉ፣ ከኪሳችሁ አውጥታችሁም ምንም አታጉርሱ። የሩጫ ፈረስ ምግቡ ተለክቶ ነው የሚሰጠው። በየበሩ ላይ ስማቸውን እያነበባችሁ ስታልፉ ከሰዎቹ ጋር ጨዋታ ጀምሩ። እኔ ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ እንደነበር ለአንዲት የጋጣ ሠራተኛ ነግሬያት በጣም ነው የወደደችው።

4. ከ4 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ሰሜን

ወደ ዌስት ራንተን በኖሪች ከተማ በኩል ሁለት ሰዓት ገደማ መድቡ። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። እኛ ቆሎ ይዘን ነበር፣ መንገድ ላይ በጣም ጠቀመን።

5. ባሕሩ እየሸሸ ሳለ ውረዱ

ውሃው በጣም ከሚሸሽበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ዳርቻው ላይ ተገኙ። ውሃው ሲሸሽ ነጭ የጠመኔ አለትና የባልጩት ድንጋይ ይገለጣል። ዕድሜያቸው ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ቤለምናይት ነው፤ ስኩዊድ የሚመስል የጥንት የባሕር እንስሳ የውስጥ አካል። ቅርጹ ቁርጥ ጥይት ነው፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት እንደ ጠጅ ቀለም ያሳልፋል። ሁለተኛው የባሕር ጃርት የሚባለው እሾሃማ የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው፤ ክብ ወይም ልብ የሚመስል ባልጩት ሆኖ አምስት ጨረር ያለው ኮከብ ተስሎበታል።

አትሩጡ። አንድ ሜዳ የሚያህል ቦታ ምረጡና ጎንበስ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ተመላለሱ። እኛ አርባ ደቂቃ ምንም ሳናገኝ ቆይተን ነው ዓይናችን የለመደው።

ገደሉ ግርጌ ጠቆር ያለ ቡናማ ንብርብር ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990፣ ከማዕበል ሌሊት በኋላ፣ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ የነበሩ ባልና ሚስት አንድ ትልቅ አጥንት እዚያ ተጋልጦ አዩ። ተቆፍሮ ሲወጣ ትከሻው ድረስ 4 ሜትር የሚሆን፣ 10 ቶን የሚገመት ማሞዝ፣ የዝሆን ዘመድ፣ ሆነ። ከ600 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ከአጽሙም 85 በመቶ ገደማው ተገኝቷል። አጥንቶቹ ላይ የጅብ ጥርስ ምልክት አለ። እንግሊዝ አገር ጅብ! እኔ ይህን ስሰማ ገደሉን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

ግን ገደሉን አትንኩ። በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ያለ ማስጠንቀቂያም ይናዳል። ሥሩ አትቀመጡ። መዶሻ አያስፈልግም፤ ወድቆ የተገኘው ይበቃል። ባሕሩ መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ።

6. ቤት ስትደርሱ

ያገኛችሁትን ጨው እንዲለቅ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያ ጥላ ላይ አድርቁት። ቦታውንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ስሙን ለማወቅ ካስቸገራችሁ ክሮመር ያለው ሙዚየም የማሞዙንም አጥንት ስለሚያሳይ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይዛችሁት ሂዱ።