ያልገባው የጡረታ መዋጮ እንዴት እንደተስተካከለ

አጎቴ ጅማ ከሚገኝ የቡና ማበጠሪያ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ «አገልግሎትዎ 10 ዓመት አልሞላም፣ የዘለቄታ አበል (በየወሩ የሚከፈል ጡረታ) የለዎትም» ተባለ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ 1268/2014 መሠረት አሠሪው የደመወዙን 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ድርጅቱ ግን የአጎቴን ድርሻ እየቆረጠ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጭራሽ አላስገባም።

አቤቱታ ብቻውን ከንቱ ነው፤ መልሱ «ማስረጃ አምጡ» ነው። ነገሩን የፈታው አጎቴ በፌስታል ጠቅልሎ ያስቀመጠው የፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ቅጂ ነው፦ «ጡረታ» በሚለው ዓምድ ተቀናሹ በየወሩ ሰፍሯል፣ ግርጌው ላይ የድርጅቱ ማህተም አለ። ከቅጥር ደብዳቤው ጋር አያይዘን የጡረታ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት አስገባን። ውሳኔውንም በጽሑፍ ጠየቅን፤ የቃል «አይሆንም» ይዞ ይግባኝ የለማ! ይግባኙ ግን አላስፈለገም። ድርጅቱ ውዝፉን ከነቅጣቱ ከፈለ፣ የጎደለው አገልግሎትም ተያዘለት።