የእንግሊዝን ድራማ ወስዶ መሥራት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ለቴሌቪዥን የሚጻፉ ድርሰቶችን አንብቤ አስተያየት እሰጣለሁ። ሥራዬ ነው። ሰሞኑን “ከእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ የተወሰደ” የሚል ሽፋን ያላቸው እየበዙ መጥተዋል። በዚህ ደስ ይለኛል። እንግሊዞች ፕሮግራም ፈጥረው ለዓለም በመሸጥ የተካኑ ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ መማር ተገቢ ነው። ግን ስህተቶቹ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። ሌላው አገር ብዙ ገንዘብ ከስክሶ የተማረባቸውን እኛ እንደ አዲስ ስንጀምራቸው ማየት ያንገበግበኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድርሰቱን መስመር በመስመር መገልበጥ

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ድርሰት ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ከሥራ በኋላ ባልደረቦቹ ከነአለቃቸው መጠጥ ቤት ይገባሉ። አንዱ “የዚህን ዙር እኔ እከፍላለሁ” ይላል። ይከፍላል። ቀጣዩን ዙር ሌላው ይከፍላል። ተጨዋውተው ይለያያሉ። አለቀ።

እንግዲህ አስቡት። አዲስ አበባ፣ አለቃ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሂሳብ ሲመጣ ዝም ይባላል? “ኧረ በማርያም! ዛሬ የኔ ነው!” የሚል ይነሳል። አስተናጋጁ ብሩን ከማን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። አንዱ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ካሸሩ ጋ ሄዶ ይከፍላል። አለቃው ቅር ይለዋል፤ ወይም ቅር ያለው ይመስላል። ማን ከማን በላይ ነው፣ ማን ማንን ይፈራል፣ ማን ከደሞዙ በላይ ይኖራል፣ ሁሉም እዚያ ሂሳብ ላይ አለ። ጸሐፊው ይሄን የመሰለ ትዕይንት እጁ ላይ እያለ የማንቸስተርን ሰዎች ልማድ ገልብጦ አለፈ። ልጁ ጎበዝ ነው። ለዚህ ነው የተናደድኩት።

ዘ ኦፊስ የተባለውን የእንግሊዝ ኮሜዲ ታሪክ እዩ። ሪኪ ጀርቪስና ስቴፈን መርቻንት ለቢቢሲ ሠርተው ከ2001 እስከ 2003 በ12 ክፍልና በገና ልዩ ዝግጅት ጨረሱት። አለቃው ዴቪድ ብሬንት አስቂኝ ነኝ ብሎ የሚያስብ፣ ሰው የሚያሳፍር ሰውዬ ነው። ኤንቢሲ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ሲጀምረው የመጀመሪያው ክፍል ከእንግሊዙ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ከተማው ስሎው የነበረው ስክራንተን ሆነ። የወረቀት ኩባንያው ስም ተቀየረ። ቀልዶቹና ንግግሮቹ ግን በአብዛኛው ያው ነበሩ። ተመልካቹም ቶሎ ሸሸ። የመጀመሪያው ሲዝን በ6 ክፍል አበቃ።

ያዳነው ሁለተኛው ሲዝን ነው። የአሜሪካውን ያዘጋጀው ግሬግ ዳንኤልስና አብረውት የሚጽፉት ሰዎች ትልቁን ጥያቄ ጠየቁ፦ ተመልካቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄን ሰውዬ ለማየት ለምን ይመለሳል? እንግሊዝ አገር አንድ ሲዝን 6 ክፍል ነው፤ የማይወደድ ሰው ለ6 ሳምንት ይቻላል። አሜሪካ ግን በዓመት ከ20 በላይ ክፍል ይፈለጋል። ስለዚህ የአሜሪካው አለቃ ማይክል ስኮት አንድ የሚችለው ነገር ተሰጠው፤ መሸጥ ይችላል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው አለቃው ከትልቅ ደንበኛ ጋር ስብሰባ በሆቴል ይዛለች። እሱ ሳያማክራት ወደ ተራ ምግብ ቤት ያዛውረዋል። ሴትየዋ ትቃጠላለች። እሱ ይቀልዳል፣ ያወራል፣ ያስበላል፣ ሥራ የሚባል ነገር አያነሳም። መጨረሻ ላይ ግን ደንበኛው እሺ ይላል። እሷም እኛም ሰውዬውን በሌላ ዓይን ማየት እንጀምራለን። ይሄ ትዕይንት በእንግሊዙ ውስጥ የለም። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ እስከ 2013 ዘልቆ 201 ክፍል ሆነ።

ይሄው ኤንቢሲ ግን ዘ ኦፊስን ከመጀመሩ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2003፣ ከፕሊንግ የተባለውን የእንግሊዝ ኮሜዲ በዋናው ድርሰት ላይ ተመርኩዞ ሠርቶ 4 ክፍል ካሳየ በኋላ ሰርዞታል። ኤምቲቪም በ2011 ስኪንስ የተባለውን የእንግሊዝ የወጣቶች ድራማ ሲያመጣ የመጀመሪያውን ክፍል ከዋናው ጋር እጅግ አመሳስሎ ሠራው። ዋናው የተሠራው ማታ ማታ ለወጣት ለሚያሳይ የእንግሊዝ ጣቢያ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የወላጆች ማኅበር ጮኸ፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ሸሹ፣ ከ10 ክፍል በኋላ አበቃ።

የታሪኩን ወገብ ቆርጦ መጣል

ይሄ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። “እንግዲያው ሁሉንም እቀይራለሁ” የሚሉ አሉ። ፎልቲ ታወርስ በ1975 እና በ1979 የታየ 12 ክፍል ብቻ ያለው ኮሜዲ ነው። አንድ ግልፍተኛ የሆቴል ባለቤት አለ። ሚስቱን ይፈራል። ያደረገውን ሁሉ ከሷ ለመደበቅ ይሮጣል። ሩጫውን የሚያመጣው ፍርሃቱ ነው። የአሜሪካው ኤቢሲ በ1983 አማንዳስ ብሎ ሲሠራው ባልየውን አስወጣው። ሆቴሉን የምታስተዳድረው ባሏ የሞተባት ሴት ሆነች። ቢያትሪስ አርተር ትልቅ ተዋናይት ናት፤ ግን የምትፈራው ሰው ከሌለ ምን ታድርግ? ብዙም ሳይቆይ ቀረ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድርሰት ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ከማን ምን እንደሚደብቅ ጻፉ። እሱን አትንኩ። የቀረውን እንደፈለጋችሁ።

የክፍሉን ርዝመት አለማስላት

ቢቢሲ በአገሩ ጣቢያዎች ላይ ማስታወቂያ አያስገባም። የግማሽ ሰዓት ኮሜዲው ወደ 30 ደቂቃ ይጠጋል። በአሜሪካ የንግድ ጣቢያ ያው ኮሜዲ 22 ደቂቃ ያህል ብቻ ያገኛል። 8 ደቂቃ ቀልድ የት ይሂድ? ብዙዎች ዝምታዎቹን ይቆርጣሉ። የእንግሊዝ ኮሜዲ ደግሞ የሚያስቀው ዝምታው ላይ ነው።

ሲረዝምም እንዲሁ ነው። ዶክተር ፎስተር ላይ አንዲት ሐኪም በባሏ ሻርፕ ላይ የሌላ ሴት ፀጉር ታገኛለች። አንዲት ፀጉር! ከዚያ ትዳሩ፣ ጓደኞቿ፣ ከተማው ሁሉ ይፈራርሳል። ቢቢሲ በ2015 5 ክፍል፣ በ2017 ሌላ 5 ክፍል አሳየው። የደቡብ ኮሪያው ጄቲቢሲ በ2020 ሁለቱንም ሲዝን በ16 ክፍል አጠቃለለው። ፀጉሯን አልጣላትም። ባልየው የከዳባትን ጉድ በውሽማው ወላጆች ቤት፣ እራት ላይ የምታፈርጥበትን ትዕይንትም አልጣለም። የጨመረው የከተማዋን ባለጸጎችና ሚስቶቻቸውን፣ ሐሜታቸውን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ነው። የመጨረሻው ክፍል ከ28 በመቶ በላይ የተመልካች ድርሻ አገኘ፤ በኮሪያ የኬብል ድራማ ታሪክ እስከዚያ ያልታየ ቁጥር ነው።

ቱርክ ውስጥ ደግሞ ካናል ዲ በዚያው ዓመት ሳዳካትሲዝ ብሎ ጀመረው። የቱርክ ሳምንታዊ ድራማ አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ከ2016 ጀምሮ ቃና በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ባሳየን ጊዜ የለመድናቸው አጫጭር ክፍሎች አያሳስቷችሁ፤ ወደ ውጭ ሲሸጡ አብዛኛውን ጊዜ ይቆራረጣሉ። ሳዳካትሲዝ 60 ክፍል ሆነ። 10 ሰዓት የነበረ ታሪክ ከ100 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይሄ በመጎተት አይሞላም። ለጎረቤቱም፣ ለአማቱም፣ ለልጁም የየራሳቸው ታሪክ መፈጠር አለበት። ጣቢያችሁ ስንት ክፍል፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ሳታውቁ መጻፍ አትጀምሩ።

ሽልማቱን ማሳደግ

የእንግሊዙ የኬክ ውድድር፣ ቤክ ኦፍ፣ ለአሸናፊው የሚሰጠው የኬክ ማስቀመጫና አበባ ነው። ገንዘብ የለም። ተወዳዳሪዎቹ የሚረዳዱት፣ አንዱ ሲወድቅበት ሌላው የሚያነሳለት ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። ሲቢኤስ በ2013 ሲሠራው 250,000 ዶላርና የመጽሐፍ ውል አስያዘ። ከአንድ ሲዝን አላለፈም። ስፖንሰር ስላገኛችሁ ብቻ መኪና አታቁሙ።

የጨዋታ ፕሮግራም ላይ መቀየር ያለበትን ትቶ መቀየር የሌለበትን መቀየር

ሁ ዋንትስ ቱ ቢ ኤ ሚሊየነር በ1998 በአይቲቪ ጀመረ። መብቱን የገዛ ሁሉ ወፍራም መመሪያ አብሮ ይሰጠዋል፤ መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ መቀመጫው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ህንዶች በ2000 ሲጀምሩ ይሄን ሁሉ አከበሩ። የእነሱ ያደረጉት ሰዎቹን ነው። አሚታብ ባቻን ተወዳዳሪውን እንደ እንግዳ ተቀብሎ በጨዋ ቋንቋ ያናግራል። ከገጠር የመጣ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይከበራል።

ዊኬስት ሊንክ የተባለውን የጥያቄና መልስ ውድድር ደግሞ ተመልከቱ። አቅራቢዋ አን ሮቢንሰን ተወዳዳሪን በማዋረድ ታወቀች፤ እንግሊዞች ወደዱት። ታይላንድ ውስጥ ያው ስድብ ሲደገም ለባህላችን አይሆንም የሚል ቅሬታ ከመንግሥት ወገን ሳይቀር መጣ። እኛ ዘንድ በዕድሜ የገፉ እናት ቆመው አንዲት ወጣት “ደካማዋ አንቺ ነሽ፣ ውጪ” ስትላቸው አስቡ። ማን ያያል?

ዋናውን ያየ ተመልካች ላይ ቅጂውን መጫን

የአሜሪካው ፎክስ በ2014 ብሮድቸርች የተባለውን የእንግሊዝ የወንጀል ድራማ ግሬስፖይንት ብሎ ሲሠራ ዋና ተዋናዩ ያው ዴቪድ ቴናንት ነበር። ዋናው ከአንድ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። አንድ ሲዝን ብቻ ሆነ። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ሁሉን ያያል፤ ዋናውን ስንት ሰው እንዳየው ጠይቁ።

ሙዚቃውን አትርሱ። የእንግሊዝ ጣቢያዎች በአገራቸው ውስጥ ዘፈኖችን በጅምላ ፈቃድ ይጠቀማሉ፤ ያ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

“ይሄን የሚረዱት እንግሊዞች ብቻ ናቸው” ብሎ መተው

ዲነር ፎር ዋን የተባለ አጭር የእንግሊዝኛ ቀልድ አለ። አንዲት አሮጊት 90ኛ ልደታቸውን ከሞቱ ጓደኞቻቸው ጋር ያከብራሉ፤ አሳላፊው በሟቾቹ ፈንታ እየጠጣ ይሰክራል። የጀርመን ቴሌቪዥን በ1963 ቀረጸው። እስከዛሬ ጀርመኖች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሳይተረጎም፣ በእንግሊዝኛው ያዩታል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው አልነበረም። ጀርመኑን የሚያስቀው የሚንገዳገደው ሰውዬ ነው።

“ስሙን ቀይሬዋለሁ፣ አሁን የኔ ነው”

አይደለም። ጀርመኖች በ2004 ስትሮምበርግን ሲሠሩ ከዘ ኦፊስ የተወሰደ መሆኑን አልተናገሩም ነበር። የሕግ ጉዳይ ሲመጣ መነሻ ሐሳቡ የጀርቪስና የመርቻንት መሆኑን በፕሮግራሙ ላይ መጻፍ ግድ ሆነባቸው።

በሌላ በኩል “ሐሳቡን አስመዝግቤያለሁ” ብሎ መተማመንም ስህተት ነው። ሂዩይ ግሪን ኦፖርቹኒቲ ኖክስ የተባለውን የተሰጥኦ ውድድር እንግሊዝ ውስጥ ለዓመታት መርቷል። የኒውዚላንድ ቴሌቪዥን በዚያው ስም፣ በነዚያው አባባሎች፣ ጭብጨባ በሚለካው መሣሪያ ጭምር ሠራው። ግሪን ከሰሰ። በ1989 ለንደን ያለው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ሳይቀር ፈረደበት። ቅጂ መብት የሚጠብቀው በዝርዝር የተጻፈን ሥራ ነው፤ ጠቅላላ ሐሳብን አይደለም። አይዶል የሚለው ስም ከእንግሊዙ ፖፕ አይዶል ተነስቶ እኛው ጋ እስከ ባላገሩ አይዶል ድረስ ሲመጣ አይተናል። ስለዚህ ዝርዝሩን ጻፉ፦ ትዕይንቱን፣ ቅደም ተከተሉን፣ ሕጉን።

መብቱን ስትጠይቁም ያሳየውን ጣቢያ ብቻ አታሳድዱ። እንግሊዝ በ2003 ባወጣችው የኮሙኒኬሽን ሕግ ምክንያት የፕሮግራሙ መብት ብዙ ጊዜ የሚቀረው በሠራው ኩባንያ እጅ ነው። ቤክ ኦፍ ለዓመታት በቢቢሲ ታይቶ በ2017 ወደ ቻናል 4 የሄደው ባለቤቱ ላቭ ፕሮዳክሽንስ ስለሆነ ነው። የመጨረሻውን ክፍል እስከ መዝጊያው ድረስ እዩት፤ የአዘጋጁ ኩባንያ ስም እዚያ አለ። ለሱ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለሌላ አገር የሚሸጥላቸው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ሁለተኛውን ክፍል መልሱ ከመጣ በኋላ ጻፉት።