የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ ወደ ወሎ ስትመጡ፦ ከአንድ የደሴ ሹፌር

ከአዲስ አበባ ደሴ መኪና መንዳት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። በፊት የማመላልሰው ላሊበላን ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችን ነበር። አሁን የሚበዙት የውጭ ፓስፖርት የያዙ የእኛው ልጆች ናቸው። እናት ታማባቸው፣ አባት አርፎባቸው፣ ወይም ናፍቆቱ አላስችል ብሏቸው ይመጣሉ። ቦሌ ላይ ሻንጣቸውን ሳላነሳ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?»

እኔ የማውቀው የዛሬን ነው። የነገን ነገ ጠዋት ደውዬ አውቃለሁ። ይህን መቀበል የሚያቅተው እንግዳ ለጊዜው ባይመጣ እመርጣለሁ። የተቀበለው ግን ይምጣ። እንዴት እንደሚመጣ ልንገረው።

ከወረቀት እንጀምር። ኢቪዛ የሚወጣው ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ነው። ተመሳስለው የተሠሩና ብዙ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ አድራሻውን አጣርታችሁ ግቡ። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን። የቱሪስት ቪዛ የ30 ቀንና የ90 ቀን አለ። ሦስት ሳምንት ብቻ የምትቆዩ ብትሆኑም የ90ውን ውሰዱ። መንገድ ይዘጋል፣ በረራ ይቋረጣል። በ2015 ክረምት ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ድንገት ሲቆም እዚያ የነበሩ ጎብኚዎች መውጫ አጥተው ነበር። የቪዛ ቀን ያለፈበት ሰው ሲወጣ ቅጣት ይከፍላል። ከዚያ በላይ የሚያስጨንቀው ግን ቀኑ ባለፈ ቪዛ ኬላ ላይ መቆም ነው።

ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። በአዋጅ 270/1994 የተሰጠ መብት ነው። ካርዱን ብቻውን ሳይሆን ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት። ጊዜው እንዳላለፈም ከመነሳታችሁ በፊት እዩ።

አሮጌውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን እቤት ተዉት። አገራችን ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። አንድ ጊዜ ያመጣሁት ጎልማሳ ኬላ ላይ ይጠቅመኛል ብሎ ሁለቱንም ፓስፖርት አውጥቶ ሰጠ። «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» ተብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቆሙን። መዋሸቱ አልነበረም። ግን ጦርነት ባለበት ቦታ ሁለት ማንነት የያዘ ሰው ያስጠረጥራል።

የፓስፖርቱንና የቪዛውን ገጽ በወረቀት ኮፒ አድርጉ፣ አምስት ስድስት። ኬላ ላይ ኮፒ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። መብራት በሌለበት ከተማ ኮፒ ቤት ፍለጋ መዞር ቀን ይበላል። የኤምባሲያችሁንና የሁለት ዘመዶቻችሁን ስልክ ደግሞ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ይወሰዳል። ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ወሎ ድረስ መጥተው የሚያወጧችሁ አይምሰላችሁ። ብትያዙ ግን «ኤምባሲዬ ይነገርልኝ» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 ይለዋል። በትህትና ጠይቁ፣ ደጋግማችሁም ጠይቁ።

ስለ ኢንሹራንስ አንድ ነገር ብቻ። አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ ጦርነት ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም። ፓስፖርቱን የሰጣችሁ አገር መንግሥት «አትሂዱ» ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ውሉ ጭራሽ ሊፈርስ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ «የአማራ ክልል፣ ወሎ» ብላችሁ በስም ጠይቁ።

ወደ ሻንጣው እንምጣ። ድሮን አታምጡ። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል። የእናቱን ቤት ከላይ ሊቀርጽ አስቦ ያመጣ ልጅ ድሮኑ ኤርፖርት ሲቀርበት በጣም አዘነ። እኔ ግን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እዚህ የድሮን ድምፅ የሰማ ሕፃን ሮጦ አልጋ ሥር ይገባል። የሳተላይት ስልክና አቅርቦ ማሳያ መነጽርም ያው ነው። የወታደር ልብስ የሚመስል ሱሪ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ እንዳትይዙ። ውጭ አገር ፋሽን ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

መድኃኒታችሁን ለምትቆዩበት ጊዜ የሚበቃውን፣ በዚያ ላይ የሁለት ሳምንት ትርፍ ጨምራችሁ ያዙ። በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይሁን። በ2014 ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ነበር። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በፈለጋችሁት ቀን ላታገኙ ትችላላችሁ። ለዘመድ ብላችሁ ሻንጣ ሙሉ መድኃኒትና ፋሻ መጫን ግን አይሆንም። ለማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል።

ገንዘብ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ባንክ ሄዳችሁ መንዝሩ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ጥሬ ብር ያዙ። ቴሌብር ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሻይም አትገዙበትም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቷል። ካርታውን ከኢንተርኔት ውጭ እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱት። ብሩንም ባለ 50ና ባለ 100 አድርጋችሁ ሦስት ቦታ ከፋፍሉት።

መንገዱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። እንጀራዬም ስጋቴም እዚያው ነው።

አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ የሐርጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ። በደህናው ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳ ነበር። አሁን ፀሐይ ሳትወጣ አልነሳም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ያለሁበት ከተማ አድራለሁ፣ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢቀረኝም። እንግዳው «ትንሽ ነው የቀረው፣ እንግፋ» ሲል አልሰማውም። ይኸኛው መንገድ ሲዘጋ በአዋሽና በሚሌ ዞሮ በባቲ የሚገባ አለ። ሩቅ ነው፣ ሙቀቱም ከባድ ነው፣ ውኃ በደንብ ይያዝ። ኮምቦልቻ ኤርፖርትም አለ። በረራ ካለና አቅሙ ካላችሁ በአየር ኑ። ሥራዬ ቢቀርብኝም ይህንኑ እመክራለሁ።

ጠዋት ጠዋት የማደርገውን ልንገራችሁ። ቡና ሳልጠጣ ለሦስት ሰው እደውላለሁ። አንዱ ከሚሴ፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ አንዱ ኮምቦልቻ ያሉ ሹፌሮች ናቸው። «መኪና ከዚያ ወገን እየመጣ ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። መኪና ከወዲያ እየመጣ ከሆነ እነሳለሁ። መምጣት ካቆመ ማንም ምንም ቢለኝ አልነሳም። ሹፌር ስትይዙ «ጠዋት ለማን ትደውላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚደውልለት ሰው የሌለው ሹፌር መኪናው አዲስ ቢሆንም አይሁን።

ኬላ ላይ እንዲህ ነው። መንገዱ ላይ የተዘረጋው ገመድ ጋ ሳልደርስ ፍጥነት እቀንሳለሁ። ሙዚቃ ይጠፋል፣ መስኮት ሁሉ ይወርዳል፣ ከመሸ የውስጥ መብራት ይበራል። መነጽርና ኮፍያ ይወልቃል፣ እጅ ጉልበት ላይ ይሆናል። ስልክ በእጅ አይያዝም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የጠየቁትን ብቻ መመለስ። ማን ምን ልብስ እንደለበሰ አታፍጥጡ፣ የማን ወገን እንደሆነም አትጠይቁ።

አንዲት እህት ተራራውን እየቀረጸች መጣች። ኬላው እንደቀረበ አላስተዋለችም። ወታደሩ ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን ከፈተው። አራት ሰከንድ ያህል ገመዱና የአሸዋ ከረጢቶቹ ይታያሉ። ሁላችንንም አስወረዱን። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን። ከኋላ ወንበር የነበሩ አንድ ሼህ ቀስ ብለው ወርደው «ልጄ፣ አገሯ ናፍቋት ነው፣ ክፋት የላትም፣ አጥፋውና አሳልፈን» አሉት። አጠፋው። መኪና ውስጥ ስንገባ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሼሁ «አብሽሪ የኔ ልጅ» ብለው ውኃቸውን ሰጧት። ድልድይ፣ የቴሌ ማማ፣ ካምፕ፣ ኤርፖርት፣ ወታደር አይቀረጽም። መኪና እየሄደ ምንም ባትቀርጹ ይሻላል። ስልካችሁን ሊፈትሹም ይችላሉ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ከፖለቲካ ግሩፖቻችሁ ውጡ።

የምትጓዙበትን ቀን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትጻፉ። እገታ አለ። ፎቶውን ከአገር ከወጣችሁ በኋላ ለጥፉት።

ሰዓት! በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል 6 ሰዓት ልዩነት አለ። ውጭ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ይስታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሰዓት እላፊ ነበር። አንዱን ወጣት «እስከ 3 ሰዓት ግባ» አልኩት። እሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መስሎታል። ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር አክስቱ ቤት አምሽቶ ሲወጣ ባጃጅ የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ ብቻ ነው። ደግነቱ አክስቱ ተከትለው ወጥተው መለሱት፤ መደብ ላይ አደረ። ከዚያ ወዲህ «ከመሸ 3 ሰዓት፣ በእናንተ 9» ብዬ ሁለቱንም እናገራለሁ። ሰዓት እላፊ እንደየከተማው ይለያያል፣ በቀናትም ይቀየራል። በየቀኑ ያረፋችሁበትን ቤት ባለቤት ጠይቁ።

ገጠር ከወጣችሁ ከመንገድ አትውጡ። ጋሸናና ቆቦ አካባቢ ከባድ ውጊያ ነበር። እርሻ ውስጥ የወደቀ ብረት አይነካም፣ በእግርም አይገፋም፣ ለማስታወሻም አይያዝም። ቦታውን ለቀበሌ ንገሩ። ለአምቡላንስ ቀይ መስቀል 907፣ ለፖሊስ 991 ነው።

ከሰው ጋር ስትቀመጡስ? ደሴ በጥቅምት 2014 ተይዛ ኅዳር 27 ነው የተለቀቀችው። ከዚያም በኋላ ብዙ አልፏል። ያላዘነ ቤት ጥቂት ነው። ቡናው ሲፈላ «ማን አደረገው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ለክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ለእስላሙ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉና ዝም በሉ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለቱንም ልትሉ ትችላላችሁ። ቢፈልጉ ራሳቸው ያወራሉ። እስከ በረካ ቁጭ በሉ፣ ከአቦል አትነሱ።

ግሸን በመስከረም 21፣ ላሊበላ በገና መሄድ የምትፈልጉ ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ። በእነዚያ ቀናት ፍተሻውም ይጠብቃል።

የመመለሻውን ነገር አደራ። ከደሴ የምትነሱበትን ቀን ከበረራችሁ ቢያንስ 3 ቀን አስቀድሙ። አምና አንዲት እናት ይዤ ወርጄ ኮምቦልቻ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት ሌሊት አደርን። በሦስተኛው ጠዋት ከሚሴ ያለው ጓደኛዬ «መኪና እየመጣ ነው» ብሎ ደወለ፣ ተነሳን። በረራቸው ለሌሊት ነበር። ቦሌ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። እነዚያ ትርፍ ቀናት ባይኖሩ ኖሮ ኮምቦልቻ ሆነው ነበር አውሮፕላኑ የሚያመልጣቸው።