ላብራቶሪ ለሌለው ክፍል የፔንዱለም ሙከራ፦ አሠራሩና አስተራረሙ

ክር፣ ዳዶና ሰዓት ካለ የፔንዱለም (ክር ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ሙከራ ይሠራል፤ የሚፈለገውም የስበት ፍጥነት መጨመሪያ ነው። 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይሠራል። የሚያስቸግረው ማረሙ ነው። የስበት ፍጥነት መጨመሪያ 9.8 እንደሆነ ተማሪው ከመጽሐፉ አስቀድሞ ያውቃል። መምህሩ ማርክ የሚሰጠው ለ9.8 ከሆነ ተማሪው ሰዓት ያዘም አልያዘም 9.8 ጽፎ ይመጣል። ስለዚህ ገና ሲዘጋጅ ማርኩ ለጥሬው ልኬት እንዲሆን አድርጉ።

ዕቃው

ለአንድ ቡድን 1.5 ሜትር ያህል ክር ይበቃል። ሲባጎ ወይም የጫማ ሰፊ ክር ጥሩ ነው፤ የሹራብ ክር ስለሚለጠጥ አይሆንም። ለክብደት አንድ ትልቅ ዳዶ ወይም ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ይታሰርበታል። በግማሽ ውኃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ውኃው በውስጡ ስለሚንቀሳቀስ የክብደቱ ማዕከል የት እንዳለ አይታወቅም።

የክሩ ጫፍ ሚስማር ላይ ከተጠመጠመ ሲወዛወዝ ርዝመቱ ይለዋወጣል። ክሩን በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መካከል አጥብቆ መያዝ ይሻላል፤ ለሁለት የተሰበረ ማስመሪያ ለዚህ ይበቃል። እንዲህ ከተያዘ ክሩን ሳይቆርጡ ወደ ላይ እየሳቡ ማሳጠር ይቻላል፤ ከ100 ሴንቲሜትር ጀምሮ መውረድም ከዚሁ የተነሣ ይቀላል። የተማሪ ዴስክ ከፍታው 75 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅሙ ፔንዱለም ወለል ይነካል። የመስኮት ብረት ላይ ማሰር ወይም ወንበር ዴስኩ ላይ መጫን ያስፈልጋል። መስኮቱ ይዘጋ፣ ነፋስ ዳዶውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ለርዝመት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ለሰዓት ስቶፕዎች ያለው የእጅ ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ ደግሞ ስልክ ይሆናል። ሰዓቱ አንድ ብቻ ከሆነ መምህሩ «ጀምር» ብሎ ከ60 ሴኮንድ በኋላ «ቁም» ሊልና ቡድኖቹ ውዝዋዜ ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ግን በ100 ሴንቲሜትር ላይ ግማሽ ውዝዋዜ መሳሳት የመጨረሻውን መልስ በ3 በመቶ ያዛባል። ሌላ ካልተገኘ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ መለካት

አንድ የቃል ጣጣ አስቀድሞ ይፈታ። «ፔሬድ» ለተማሪው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። ሰሌዳው ላይ «ፔሬድ ማለት አንድ ሙሉ ውዝዋዜ፣ ሄዶ መልሶ፣ የሚወስደው ጊዜ» ተብሎ ይጻፍ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ አምፕሊቲውድ (ዳዶው ከመሐል የሚርቅበት መጠን) እና ስሎፕ (የግራፉ መስመር ተዳፋትነት) በዚያው ስማቸው ይታወቁ፤ ውይይቱ ግን ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ቢሆን ይሻላል።

ከዚያ ጠይቁ፦ «ዳዶውን ሦስት ብናደርገው ይፈጥናል?» እጅ አስወጥታችሁ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉና አታጥፉት። ሙከራው ላይ ሦስቱ ዳዶዎች ጎን ለጎን ይታሰሩ። አንዱ ከሌላው በታች ከተንጠለጠለ የክብደቱ ማዕከል ይወርድና ፔሬዱ በእርግጥም ይጨምራል፤ ተማሪውም ክብደት ለውጥ ያመጣል ብሎ ይሄዳል።

በቡድን አምስት ተማሪ ይሁን፦ ለቃቂ፣ ቆጣሪ፣ ሰዓት ያዥ፣ ለኪና ጸሐፊ። ርዝመቶቹም አምስት ናቸው፤ 100፣ 80፣ 60፣ 40 እና 20 ሴንቲሜትር። በየርዝመቱ ሥራ ከተለዋወጡ ሰዓት ሳይዝ የሚወጣ ተማሪ የለም። ርዝመት የሚለካው ክሩ ከተያዘበት ነጥብ እስከ ዳዶው መሐል ነው።

ዳዶው በትንሹ ተስቦ ይለቀቃል። በ100 ሴንቲሜትር ክር ከ17 ሴንቲሜትር በላይ አይሳብ፣ በ20 ሴንቲሜትር ደግሞ ከሦስት ተኩል በላይ። ይህ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። 30 ዲግሪ ከተሳበ የመጨረሻው መልስ በ3 ከመቶ ገደማ ያንሳል። ሲለቀቅ አይገፋ፤ ከተገፋ ክብ እየሠራ ይዞራል።

ሰዓቱ የሚጀመረው ዳዶው ሲለቀቅ አይደለም። አንድ ሁለቴ ይወዛወዝና፣ ከኋላው በጠመኔ የተሰመረውን መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ቆጣሪው «ዜሮ» ይላል፤ ሰዓቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያው አቅጣጫ ሲያልፍ «አንድ»፣ እንዲህ እያለ እስከ ሃያ። መሐል ላይ ዳዶው ፈጣን ስለሆነ የሚያልፍበት ቅጽበት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዳር ላይ ግን ቆም ስለሚል ዓይን ያታልላል።

ለምን ሃያ? የእጅ መዘግየት 0.2 ሴኮንድ ነው እንበል። 2 ሴኮንድ በሚፈጅ አንድ ውዝዋዜ ላይ ይህ 10 በመቶ ነው፤ 40 ሴኮንድ በሚፈጅ ሃያ ውዝዋዜ ላይ ግን ግማሽ በመቶ። ይህን ስሌት ተማሪው ራሱ ይሥራው።

እያንዳንዱ ርዝመት ሁለት ጊዜ ይለካል። የሃያው ውዝዋዜ ጊዜ ከ100 ሴንቲሜትር ጀምሮ ወደ 40.2፣ 36.0፣ 31.1፣ 25.4 እና 18.0 ሴኮንድ መሆን አለበት። ይህን ለራሳችሁ ያዙት፤ እየዞራችሁ ስታዩ የሳተውን ቡድን ወዲያው ታውቃላችሁ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በእስክሪብቶ የተሞላውን ሠንጠረዥ ፈርሙበትና ሰብስቡ። የተሰረዘ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ግራፍ

በአግድም ርዝመት በሜትር፣ በቁም የፔሬድ ስኩዌር (ፔሬዱ በራሱ ተባዝቶ)። አምስቱን ነጥቦች በእኩል የሚያማክል ቀጥታ መስመር በማስመሪያ ይሰመራል፤ ነጥብ ከነጥብ አይቀጠልም። ስሎፕ ሲወሰድ ከመስመሩ ላይ ሁለት የተራራቁ ቦታዎች ይመረጣሉ። ለምሳሌ በ0.20 ላይ 0.81፣ በ1.00 ላይ 4.05 ከተነበበ ስሎፑ 3.24 ለ0.80 ሲካፈል 4.05 ነው። የስበት ፍጥነት መጨመሪያው 39.5 ለስሎፑ ሲካፈል ነው፤ 39.5 ለ4.05 ሲካፈል 9.75 ይመጣል፤ 39.5 የአራት ጊዜ የፓይ ስኩዌር ነው።

ግራፉ ለምን እንዳስፈለገ የሚታየው አንድ ቡድን ርዝመቱን እስከ ዳዶው አናት ብቻ ሲለካ ነው። 2 ሴንቲሜትር ከጎደለ በ20 ሴንቲሜትሩ ብቻ የተሠራ ስሌት 8.9 ይሰጣል። በግራፉ ግን ስሎፑ አይነካም፤ መስመሩ ብቻ በዜሮ ማለፉን ትቶ የቁሙን መስመር 0.08 ገደማ ላይ ይቆርጣል። ስህተቱ የት እንደተሠራ ራሱ ግራፉ ይናገራል።

ማረም

ከ20 ማርክ ለጥሬው ሠንጠረዥ 6፣ ለግራፉ 5፣ ለስሌቱ 3፣ ለስህተት ማብራሪያው 4፣ ለግል ጥያቄ 2። ለመልሱ ትክክለኛነት ማርክ የለም። 9.4 አግኝቶ ክሩ እንደተንሸራተተ በቁጥር ያሳየ ተማሪ ከባዶ 9.8 ይበልጣል።

ከመልሱ ተነሥቶ ስህተቱን ማወቅ ይቻላል። 10.8 አካባቢ ያመጣ ቡድን መቁጠር የጀመረው ከዜሮ ሳይሆን ከ«አንድ» ነው፤ ሃያ ብሎ የለካው አሥራ ዘጠኝ ውዝዋዜ ነው። 39 ያመጣ መሄዱንና መመለሱን ለየብቻ ቆጥሯል። እጅግ ትንሽ ቁጥር ያመጣ ደግሞ ጊዜውን ለሃያ ማካፈል ረስቷል።

የተቀዳ ሥራም ይታወቃል። በአምስቱም ርዝመት ሁለቱ ልኬቶች እስከ መቶኛው ሴኮንድ አንድ ዓይነት ከሆኑ አልተለኩም። ልክ 9.81 ያለም ይጠየቅ፤ አዲስ አበባ ከፍ ብላ ለምድር ወገብም ቀርባ ስለምትገኝ እዚያ ትክክለኛው ዋጋ 9.77 ገደማ ነው። ቡድኑን በቀጥታ «ሠርታችሁት ነው?» ብሎ መክሰስ ግን አይጠቅምም። ሰዓቱን ስጧቸውና 60 ሴንቲሜትሩን ፊታችሁ ይድገሙት።

የቡድን ማርክ የሰነፍ መጠለያ እንዳይሆን የግል ጥያቄው ለየሰው ይለያይ፦ ለአንዱ «10.8 ያገኘ ቡድን ምን አጠፋ?»፣ ለሌላው «ሦስቱን ዳዶ አንዱን ከአንዱ ሥር ብናስር ምን ይሆናል?»

የምርጫ ጥያቄ ስታወጡም የተሳሳቱ ምርጫዎችን ከእነዚሁ ስህተቶች ውሰዱ። «1 ሜትር ፔንዱለም 20 ጊዜ ለመወዛወዝ 40 ሴኮንድ ፈጀ፤ ፔሬዱ ስንት ነው?» ለሚለው ምርጫዎቹ 40፣ 2፣ 1 እና 0.5 ይሁኑ። 40 ያለው አላካፈለም፣ 1 ያለው ግማሽ ውዝዋዜ ቆጥሯል፣ 0.5 ያለው ፍሪኩዌንሲ (በአንድ ሴኮንድ የሚወዛወዝበትን ብዛት) ነው የጻፈው። ካረማችሁ በኋላ እያንዳንዱን ምርጫ ስንት ተማሪ እንደመረጠው ቁጠሩ። ብዙዎች 1 ካሉ በሚቀጥለው ቀን ክሩንና ዳዶውን ይዛችሁ ግቡና መላው ክፍል «ዜሮ» ብሎ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ ሃያ ይቁጠር።