ኦጌም ላይ የቱን መርከብ መቼ እንደምንሰራ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብራት እየመጣ እየሄደ ጌም መጫወት ለሰለቸው ሰው ኦጌም ጥሩ ነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ ጀርመን የተጀመረ የጠፈር ጌም ነው፣ በስልክ ብሮውዘር ይሰራል፣ እናንተ ወጥታችሁም ማዕድኑ ይወጣል መርከቡም ይበራል። ግን ስትተኙም የሚዘርፋችሁ አለ፣ ለዛ ነው የመርከቦቹን ስራ ማወቅ ያለባችሁ።

መጀመሪያ ካርጎ፣ እቃ ጫኙን መርከብ፣ ስሩ። ጀማሪ ሁሉ የጦር መርከብ ላይ ነው የሚሮጠው፣ ግን የባቲን ሰኞ ገበያ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ እቃ ቢኖርህ ጫኝ ከሌለህ ምን ዋጋ አለው። ትንሹ፣ ስሞል ካርጎ፣ ከማዕድኖቹ 2,000 ሜታልና 2,000 ክሪስታል ይፈጃል፣ 5,000 ይጭናል። ትልቁ፣ ላርጁ፣ 25,000 ይጭናል።

ቀጥሎ ሰላዩን፣ ፕሮብን ስሩ፣ 1,000 ክሪስታል ብቻ ነው። ፕሮብ ሳትልኩ በጭራሽ እንዳታጠቁ። 7 ቀን ያልገባ ተጫዋች ስሙ ጎን ምልክት አለው፣ እሱ ላይ ላኩና ሪፖርቱን እዩ፣ ፍሊትም፣ ማለትም የመርከብ ጓድ፣ መከላከያም ከሌለው፣ ያለው ማዕድን ደግሞ 60,000 ከሆነ፣ የሚዘረፈው ግማሹ ስለሆነ 30,000 ነው፣ ስለዚህ 6 ስሞል ካርጎ ይበቃል፣ ነዳጁም ቦታ ስለሚይዝ አንድ ጨምሩበት።

አሁን ወደ ጦሩ። ላይት ፋይተር ርካሽ ነው፣ 3,000 ሜታልና 1,000 ክሪስታል፣ ብቻውን ብዙ አይረባም ግን ተኩሱ ኢላማውን በእጣ ስለሚመርጥ ብዙ ፋይተር ካላችሁ ጥይቱ እነሱ ላይ ያልቅና ውድ የሆነው ባትልሺፕ ይተርፋል። ክሩዘር የሚባለው የጦር መርከብ ግን የላይት ፋይተር ጠላት ነው፣ አንዱን መትቶ እንደገና የመተኮስ እድል አለው፣ ውጊያ ደግሞ ቢበዛ 6 ዙር ስለሆነ በነዚያ ዙሮች ውስጥ ፋይተሮቻችሁን ይጨርሳል። ሪፖርቱ ላይ ክሩዘር በዝቶ ካያችሁ ፋይተር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ባትልሺፕ ያዙ፣ 45,000 ሜታልና 15,000 ክሪስታል ቢፈጅም።

ኮሎኒ ሺፕ አዲስ ፕላኔት ይይዝላችኋል፣ ከያዘ በኋላ መርከቡ አይመለስም። ሪሳይክለር ከውጊያ በኋላ የቀረውን ፍርስራሽ ይለቅማል፣ ይሄን ቀድማችሁ ስሩት ምክንያቱም ለማታውም ያስፈልጋችኋል።

የማታው ነገር ይሄ ነው። አንድ ሌሊት ሰፈራችን መብራት ሄደ፣ ስልኬም ቻርጅ ጨርሶ ተዘጋ፣ ፍሊቴን ፕላኔቱ ላይ እንደቆመ ትቼው ነበርና ጠዋት ስገባ የሁለት ወር ልፋቴ የለም፣ በጣም ነው ያዘንኩት። በበረራ ላይ ያለ ፍሊት ግን አይጠቃም። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ሜታሉንም ክሪስታሉንም ጫኑና ከአንድ ሪሳይክለር ጋር ፍርስራሽ ወዳለበት ቦታ ላኩት፣ ፍጥነቱን 10 ፐርሰንት አድርጉት፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ማታ 4 ሰዓት ተኝታችሁ 12 ሰዓት የምትነሱ ከሆነ ደርሶ መልሱ ከ8 ሰዓት በላይ መሆኑን እዩ፣ ከእንቅልፋችሁ ቀድሞ ከገባ ለአጥቂው ነው የምታቀርቡት። ቀድማችሁ ከነቃችሁ አብሽሩ፣ መንገድ ላይ እያለ መልሳችሁ መጥራት ይቻላል። ነዳጁን፣ ዲዩተሪየምን፣ ብቻ እንዳትጨርሱ፣ ነዳጅ ከሌለ ፍሊቱ አይነሳም።